ልጄ ስትወረውር ስህተቱ የት እንዳለ እንዴት ልይ? (ሶፍትቦል፣ 11 ዓመት)

እናት ከዳር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 11 ዓመቷ ነው፤ ሶፍትቦል (ቤዝቦልን የሚመስል፣ በዱላ የተመታ ኳስ ተይዞ የሚወረወርበት ጨዋታ) ስትጫወት ይሄ ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ቀኝ እጇን ነው የምትጠቀመው። ዘንድሮ ሦስተኛ ቤዝ ላይ አቆሟት (ቤዝ የሚባሉት ሯጮች በተራ የሚረግጧቸው የሜዳው ማዕዘኖች ናቸው)፤ እሷም ቦታውን ወዳዋለች። ኳስ መያዝ ላይ ጎበዝ ናት፣ መሬት ለመሬት እየነጠረ የሚመጣውን ሁሉ ሳትፈራ ነው የምትገባበት። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ኳሱን የመታችው ሯጭ ሳትደርስ ወደ አንደኛ ቤዝ ስትወረውር ኳሱ ወይ አጥሮ መሬት ይመታል፣ ወይ መንገድ ላይ እየታጠፈ ወደ ቀኝ ይሄዳል።

አሰልጣኟ ጥሩ ሰው ነው። ግን ብዙ ልጆች ስለሚይዝ በየውርወራው የሚላት አንድ ነገር ነው፦ «ክርንሽን ከፍ አድርጊ!» እሷም ታደርጋለች። ከፍ ልታደርገው ስትል ግን ትከሻዋ ጆሮዋ ድረስ ይወጣል፣ አንገቷ ይገተራል፣ ኳሱም ከበፊቱ ይብሳል።

እኔ ተጫውቼ አላውቅም። ከዳር ቆሜ ስመለከት የሚታየኝ ኳሱ የት እንደሄደ ብቻ ነው። የሆነ ነገር ልክ እንዳልሆነ ይገባኛል፣ ምኑ እንደሆነ ግን መናገር አልችልም፤ ሁሉም ነገር ዓይኔን ጨፍኜ ሳልገልጥ ያልቃል። የማሰልጠኑን ሥራ ልቀማው እያልኩ አይደለም። አብረን ስንወራወር ያንኑ ስህተት እየደጋገምን ልማድ እንዳናደርገው ነው የምፈራው። ስለዚህ የት ልቁም? ምኗን ልይ? ከየቱስ ልጀምር?

ሕመም የላትም። ልምምዱ ሊያልቅ ሲል ግን «እጄ ዛለ» ትላለች።


ሦስተኛ ቤዝ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ኳሱን ማየት አቁሚ። ለረጅም ጊዜ ተጫውቻለሁ፣ አሁን ታዳጊ ልጆች አሰለጥናለሁ፤ ወላጅ ሁሉ የሚቸገረው እዚሁ ጋ ነው። ኳሱ ከእጅ ሲወጣ ዓይንም አብሮት ይሄዳል። የሚያስተምርሽ ነገር ግን ኳሱ ከመውጣቱ በፊት አልቋል። ዓይንሽን ከልጅሽ ላይ አትንቀዪ። አንድ ልምምድ ልስጥሽ፦ እሷን ብቻ እያየሽ ኳሱ የት እንደሄደ ገምቺ። «ቀኝ»፣ «አጭር»፣ «ልክ ነው» በይ፣ ከዚያ ዞረሽ አረጋግጪ። መጀመሪያ ላይ ግምትሽ ሁሉ ይስታል። ትንሽ ቆይቶ መግጠም ሲጀምር ዓይንሽ ትክክለኛው ቦታ ላይ አርፏል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ከክርን አትጀምሪ። ውርወራ የሚነሳው ከመሬት ነው። እግር ይረግጣል፣ ዳሌ ይዞራል፣ ደረት ይከተላል፣ ከዚያ ትከሻ፣ ክርን፣ የእጅ አንጓ፣ በመጨረሻ ጣት። አንዱ ተራውን ሳይጠብቅ ከሄደ ወይም ከቀረ፣ የሚቀጥለው እንደምንም ብሎ ሊያካክስ ይሞክራል፣ አንቺም መጨረሻ ላይ ክርን ወርዶ ታያለሽ። ክርኑ የወረደው እግሩ ስለተሳሳተ ሊሆን ይችላል። «ክርን ከፍ» ሲባል የባሰባት ለዚህ ይመስለኛል።

አንድ ቅጽበት ብቻ ማየት ብትችዪ ይህችን እዪ፦ የፊት እግሯ መሬት የሚነካበትን። ለቀኝ እጅ ወርዋሪ የፊት እግር ግራው ነው። እዚያች ቅጽበት ላይ ሁሉም ነገር ይነበባል።

እግሩ የት አረፈ? ከቀኝ እግሯ ተነስቶ ወደ ዒላማው የሚሄድ መስመር በሐሳብሽ አስምሪ። ግራ እግሯ መስመሩ ላይ ወይም እዚያው አጠገቡ ማረፍ አለበት። ከመስመሩ ወደ ግራ ርቆ ካረፈ ዳሌዋና ደረቷ ቀድመው ይከፈታሉ፣ ክንዷ ከኋላ ይቀርና እየተጎተተ በጎን ይመጣል። ኳስ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይሄ ነው። ከመስመሩ ተሻግሮ ወደ ቀኝ ካረፈ ደግሞ ዳሌዋ ይቆለፋል፤ በራሷ አካል ላይ ተሻግራ በክንዷ ብቻ ትወረውራለች።

ደረቷስ ወዴት ዞሯል? እግሯ ሲያርፍ ደረቷ ገና በጎን መሆን አለበት፣ ግራ ትከሻዋ ወደ ዒላማው። አንደኛ ቤዝ ላይ የቆመችው ልጅ እግሩ ሳያርፍ የማሊያዋን ጽሑፍ ማንበብ ከቻለች፣ ልጅሽ ቀድማ ተከፍታለች።

ኳሱ የት ነው ያለው? ክርኗ በትከሻዋ ልክ፣ ኳሱ ደግሞ ከክርኗ በላይ ወጥቶ ወይም እየወጣ መሆን አለበት፤ መዳፏ ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን ያያል። መዳፏ ወደ ሰማይ ዞሮ ኳሱን እንደ ትሪ ከሥር ተሸክማው ከሆነ አትወረውረውም፣ ትገፋዋለች። የተገፋ ኳስ ደግሞ ያጥራል።

ስለ ክርን ደግሞ፣ «ከፍ» ማለት ወደ ጆሮ ማለት አይደለም። ከግራ ትከሻዋ ወደ ቀኝ ትከሻዋ መስመር አስምሪና ወደ ውጭ አስረዝሚው። ክርኗ እዚያ መስመር ላይ ወይም አካባቢው ከሆነ በቃ፣ ተዪው። ክንዳቸው በጣም ከፍ ብሎ የሚታየን ጎበዝ ወርዋሪዎች ብዙውን ጊዜ ወገባቸውን ወደ ሌላው ጎን አዘንብለው ነው፤ ክርናቸው ከትከሻቸው መስመር ብዙም አልወጣም።

ጓንት ያለበትን እጇንም ረስተሽ እንዳታልፊው። ወደ ዒላማው ይዘረጋል፣ ከዚያ ወደ ደረቷ ይሰበሰባል። ወደ ኋላ ከተወነጨፈ ወይም እንደ ሞተ ወደ ታች ከተንጠለጠለ ግራ ትከሻዋን ይዞት ይሄዳል። ጓንቱ ለእጇ ትልቅና ከባድ ከሆነ መጀመሪያ እሱን መጠርጠር ነው።

ልምምድ ከፈለግሽ፣ በአንድ ጉልበት ተንበርክካ ወደ አንቺ ትወርውር። ላይኛው አካሏን ለብቻው ለማየት ይረዳሻል።


ፍሬም በፍሬም፦

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን በባዶ ዓይን ለጀማሪ አይታይም። እግር ካረፈ ጀምሮ ኳሱ እስኪለቀቅ ያለው ጊዜ ከሩብ ሰከንድ ያንሳል። ስልክሽን አውጪ።

አብዛኞቹ ስልኮች ስሎሞሽን (እንቅስቃሴን አዘግይቶ የሚያሳይ ቀረጻ) አላቸው። 240 ፍሬም (ስዕል) በሰከንድ ካለሽ እሱን፣ ከሌለሽ 120ውን ተጠቀሚ። በተለመደው 30 ፍሬም ያቺ ሩብ ሰከንድ ሰባት ስዕል ብቻ ናት፤ የምትፈልጊው ስዕል በሁለቱ መሃል ወድቆ ሊያመልጥሽ ይችላል። በ240 ግን ወደ 60 ስዕል ይደርሳል። ስሎሞሽን ብርሃን ይበላል፣ ስለዚህ ጨለምለም ሲል አትቅረጪ፣ ክንዷ ጭጋግ ሆኖ ነው የሚወጣው።

ስልኩን በእጅሽ አትያዢው። የሆነ ነገር ላይ አስደግፊው፣ በወገቧ ከፍታ ልክ፣ ከእግር ጥፍሯ እስከ ተዘረጋ እጇ ድረስ ሙሉ አካሏ እንዲገባ አድርገሽ። የምትንቀሳቀስ ካሜራ የማትንቀሳቀሰውን ጭንቅላት የምትንቀሳቀስ ታስመስለዋለች።

ከሁለት ቦታ ቅረጪ። አንደኛው ከጎን፣ ደረቷ በሚታይበት በኩል፣ ማለትም ለቀኝ እጅ ወርዋሪ በቀኝ በኩል ያለው ጎን። እዚያ የእርምጃዋን ርዝመት፣ ኳሱ ከኋላ የት እንደደረሰና መዳፏ ወዴት እንዳየ ታገኛለሽ። ሁለተኛው በቀጥታ ከኋላዋ፣ ከዒላማው ጋር አንድ መስመር ላይ። እግሯ ከመስመሩ መውጣቱ የሚታየው ከኋላ ብቻ ነው፤ ከጎን ብታዪ ቆንጆ እርምጃ ይመስልሻል። ከፊት መቅረጽም ይቻላል፣ ግን ኳሱ ወዳንቺ ስለሚመጣ መረብ ከሌለ ይቅርብሽ።

ደግሞ በማሟሟቂያ ጊዜ አትቅረጪ። አምስት ስድስት ሜትር ላይ ቀስ ብላ ስትወረውር ማንም ልጅ ጎበዝ ናት። በሙሉ ኃይሏና በእውነተኛው ርቀት ስትወረውር ነው ስህተቱ የሚወጣው። የተበላሸውን ብቻም አትቅረጪ። ከሁሉ የሚያስተምረው ጥሩ የሄደላትን አንድ ውርወራና የተበላሸውን አንዱን ጎን ለጎን አድርጎ ሁለቱንም እግሯ የሚያርፍበት ፍሬም ላይ ማቆም ነው። ከታዋቂ ተጫዋች ጋር አታወዳድሪያት፤ ከራሷ ጥሩ ውርወራ ጋር አወዳድሪያት። ያኔ የምትፈልጊው ነገር «ምን ተለየ?» ወደሚል አንድ ጥያቄ ይጠብባል።

የኳሱን ሽክርክሪትም ማየት ትችያለሽ። ኳሱን ዙሪያውን በወፍራም ጥቁር ማርከር አንድ መስመር አስምሪበት፣ ወይም ጠባብ ፕላስተር ጠቅልይበት። መስመሩ በሌባ ጣቷና በመሃል ጣቷ መሃል እንዲያልፍ አድርጋ ትያዘው። ጣቶቿ ከኳሱ ጀርባ ሆነው ከለቀቁት መስመሩ በአየር ላይ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ታዪዋለሽ። ጣቶቿ በጎን ካንሸራተቱት መስመሩ ይጋደማል ወይም ይንቀጠቀጣል። ለዚህ ካሜራም አያስፈልግሽም፣ ከኋላዋ መቆም ብቻ ይበቃል። ልጅቷ ራሷም ታየዋለች፤ ማንም ሳይነግራት «ይሄኛው ተንቀጠቀጠ» ትልሻለች።


ግራኟ፦

ሦስተኛ ቤዝ፣ እግርና ደረት ባልከው እስማማለሁ፣ መንበርከኩ ላይ ግን አልስማማም። ችግሯ ከእግር የሚጀምር ከሆነ እግሯን ከውርወራው አውጥተን ምኑን ልናስተካክል ነው? ተንበርክካ ቆንጆ ትወረውራለች፣ ብድግ ስትል ያው እግር ይጠብቃታል። መንበርከክ የሚጠቅመው እግርና ዳሌዋ ልክ ሆኖ የአለቃቀቋ ነገር ለብቻው ሲበላሽ ነው። ለዚህች ልጅ ገና ነው።

ሌላው፣ ጠያቂዋ የጻፈችውን አንድ ነገር ሁላችሁም ዘላችሁታል። ልጅቷ ሦስተኛ ቤዝ ናት። ኳስ መሬት ላይ አንስታ ነው የምትወረውረው። ይሄ ቆሞ ከመወርወር የተለየ ነገር ነው።

እስቲ ሜዳውን በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉት። ፊቷን ወደ ሆም (ኳሱ ወደሚመታበት ማዕዘን) አዙራ ነው ኳሱን የምትጠብቀው። ከዚያ ቦታ አንደኛ ቤዝ በቀጥታ በግራዋ አይደለም፤ በፊቷና በግራዋ መሃል ላይ፣ በ45 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ኳሱን እንዳነሳች ደረቷ ለዒላማው ግማሽ ተከፍቶ ነው የሚገኘው። ግራ ትከሻዋን ወደ አንደኛ ቤዝ ለመስጠት ሌላ 45 ዲግሪ ወደ ቀኝ መዞር አለባት፣ ያውም ሯጯ እየገሰገሰች። ልጆች ይቸኩላሉ፣ ይህቺን ዙር ይዘልላሉ። ዒላማው ፊታቸው ያለ ስለሚመስላቸው ግራ እግራቸውን ብቻ አንስተው ይለቁታል። ከዚያ «ሦስተኛ ቤዝ» ከላይ የጻፈው ነገር ሁሉ በተራ ይመጣል፦ ደረት ቀድሞ ይከፈታል፣ ክንድ ይቀራል፣ ክርን ይወርዳል፣ ኳስ ወደ ቀኝ ይታጠፋል።

ርቀቱንም አትርሱ። በመደበኛው ሜዳ በቤዞች መሃል 18.3 ሜትር ነው፣ ከሦስተኛ ወደ አንደኛ ግን ሰያፍ ስለሆነ ወደ 26 ሜትር ይጠጋል። ሁለተኛ ቤዝ ላይ የምትጫወት ልጅ ውርወራዋ አጭር ስለሆነ ይሄንኑ ስህተት ይዛ ዓመቱን ሙሉ ማንም ሳያይባት ልትጨርስ ትችላለች። ሦስተኛ ቤዝ ላይ ግን መሸሸጊያ የለም።

ስለዚህ እናት፣ እንዲህ አድርጊ። እዚያው ሦስተኛ ቤዝ ላይ ቆማ፣ ኳሱን በእጇ ይዛ፣ ጎኗን አዙራ ተዘጋጅታ ትወርውር። ከዚያ ኳስ አንከባልይላትና አንስታ ትወርውር። ሁለቱም እኩል ከተበላሹ ችግሩ አወራወሯ ላይ ነው። የመጀመሪያው ጥሩ ሆኖ ሁለተኛው ከተበላሸ ክንዷን አትንኪው፤ ቀኝ እግሯን እዪ። ኳሱን ካነሳች በኋላ ቀኝ እግሯ ከግራው ፊት አልፎ መዞር አለበት፣ የውስጥ ቁርጭምጭሚቷ አንደኛ ቤዝን እስኪያይ ድረስ። ቀኝ እግሯ ወደ ሆም እንዳየ ከቀረ ዳሌዋ የሚዞርበት ቦታ የለውም።

አያያዟንም ተመልከቺ። ባለ 12 ኢንቹ ኳስ ዙሪያው 30 ሳንቲሜትር ይሞላል፣ ክብደቱም ወደ 190 ግራም ነው። የቤዝቦሉ ዙሪያ 23 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ቤዝቦል ላይ የሚያስተምሩት የሁለት ጣት አያያዝ ለ11 ዓመት እጅ አይሆንም። በሦስት ጣት ትያዘው፣ አውራ ጣቷ ከሥር፣ የጣቶቿ ጫፍ በስፌቱ ላይ ተሻግሮ። በኳሱና በመዳፏ መሃል ትንሽ ክፍተት ይኑር፤ መዳፏ ውስጥ ከተቀበረ አንጓዋ አይሠራም፣ ኳሱም ሳይሽከረከር ይወጣል። እጇ ካልበቃ በአራት ጣት ትያዘው፣ ምንም አይደለም። ለትንንሾቹ የሚሰጠው ባለ 11 ኢንች ኳስም አለ፤ በሱ ስትወረውር አወራወሯ ወዲያው ከተስተካከለ ስህተቱ የእጅ መጠን ነበር ማለት ነው፣ ሌላ ነገር አትፈልጊለት።

ስትነግሪያት ደግሞ ስለ አካሏ ክፍል አትንገሪያት። «ዳሌሽን ዙሪ፣ ክርንሽን አንሺ፣ እግርሽን አስተካክዪ» ሲባል ልጅ ይደርቃል። «ማሊያሽን ደብቂያት» በያት። አንደኛ ቤዝ ያለችው ልጅ የማሊያሽን ጽሑፍ እንዳታነብብሽ። ይሄን ስትሞክር እግሯም ትከሻዋም ሳይነገራቸው ይዞራሉ።


ሦስተኛ ቤዝ፦

ግራኟ፣ የ45 ዲግሪው ነገር እውነት ነው፣ ሳልጠቅሰው ማለፌ ለዚህች ልጅ አይሆንም ነበር። መንበርከኩን ግን ጨርሶ አልጥለውም። ለማረም ሳይሆን ለማየት ነው ያልኩት። እግሯ ዝም ሲል ላይኛው አካሏ ጤነኛ መሆኑን ወላጅ በቀላሉ ያያል። አምስት ስድስት ውርወራ አይታ ትነሳ፣ ከዚያ በላይ አያስፈልግም።


የሰውነት ጉዳይ፦

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ ወርዋሪ ልጆች ብዙ ጊዜ ይመጡልኛል። ስለ «እጄ ዛለ» ማንም አለማንሳቱ አሳስቦኝ ነው የምጽፈው።

በሚያድግ ልጅ አጥንት ጫፍ ላይ አጥንቱ የሚረዝምበት ለስላሳ ክፍል አለ። ገና አጥንት አልሆነም፤ ከጅማቱ ይልቅ እሱ ነው ደካማው። አዋቂ ጅማቱ በሚጎዳበት ቦታ ልጅ ይሄ ማደጊያው ክፍል ይቆጣበታል። ለወርዋሪ ሁለት ቦታ ነው፦ የክርን የውስጠኛው ጎን፣ እና የክንድ አጥንት ላይኛው ጫፍ፣ ትከሻው ጋ። የትከሻው ከ11 እስከ 16 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ነው በብዛት የሚታየው። ልጅሽ ዕድሜው ውስጥ ገብታለች።

ስለዚህ «ዛለ» ስትልሽ አንድ ጥያቄ ጠይቂያት፦ «በአንድ ጣትሽ የቱ ጋ እንደሆነ አሳዪኝ።» ሙሉ ክንዷን በመዳፏ ከላይ እስከ ታች ካሻሸችው የተለመደ ድካም ሊሆን ይችላል። ጣቷን የክርኗ ውስጠኛ አጥንት ላይ ወይም ትከሻዋ ላይ አንድ ነጥብ ላይ ካስቀመጠች ያን ቀን ውርወራ ይቁም፣ ሐኪም ይያት። በማግስቱም ካልለቀቃት፣ ወይም ሸሚዝ ስታወልቅ ፊቷ ከተቋጠረ፣ እንደዚሁ። በአሠራር እርማት የሚታለፍ ሕመም የለም። ልጆች ከቡድን እንዳይወጡ ብለው ይደብቃሉ፣ ስለዚህ «አመመሽ ወይ?» ከማለት «የቱ ጋ ነው?» ማለት ይሻላል።

ሌላው፣ ድካም ራሱ ክርንን ያወርዳል። ልምምዱ ሲጀመር ጥሩ የነበረ ክንድ መጨረሻ ላይ ከወረደ ያ የአወራወር ስህተት አይደለም፣ የበቃት ምልክት ነው። ስለዚህ ስትቀርጪ መጀመሪያ ላይም መጨረሻ ላይም ቅረጪ። የደከመ ክንድ ላይ አዲስ ነገር አይሰለጥንም፣ የሚለምደው የድካሙን አወራወር ነው።

ስለ እርምጃዋ ደግሞ የምትለኪው ነገር ልስጥሽ። የልጆችን አወራወር እድገት ያጠኑ ሰዎች እርምጃን በደረጃ ነው የሚያዩት። መጀመሪያ ልጅ ጭራሽ አይራመድም። ቀጥሎ በሚወረውርበት እጅ በኩል ባለው እግር ይራመዳል። ከዚያ በተቃራኒው እግር፣ ግን አጭር። የበሰለው የሚባለው እርምጃው ከቁመቱ ግማሽ ሲያልፍ ነው። ልጅሽ 140 ሳንቲሜትር ከሆነች 70 ሳንቲሜትር የሚያልፍ እርምጃ ትፈልጊያለሽ። መሬት ላይ ጫማዋ ያረፈበትን ምልክት አድርገሽ በሜትር ለኪው። የደረትም እንደዚሁ ነው፤ ታናናሾቹ ዳሌና ትከሻቸውን አንድ ላይ እንደ ግንድ ነው የሚያዞሩት፣ እያደጉ ሲሄዱ ዳሌ ቀድሞ ትከሻ ይከተላል። ይህን ማወቁ ጥቅም አለው፣ ምክንያቱም ስህተት የምንለው ግማሹ ገና ያልደረሰችበት ደረጃ ነው። ቸኩሎ ከማረም በብዛትና በደስታ እንድትወረውር ማድረግ ያሳድገዋል። ሁሉም ወርዋሪ መልኩ አንድ አይሆንም፤ ኳሱ ቀጥ ብሎ ከደረሰና ካላመማት የክንዷ አካሄድ ለዓይን ባያምርም ተዪው።


እናት ከዳር፦

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ያላችሁኝን አደረግኩ። መጀመሪያ በአንድ ጣቷ እንድታሳየኝ ጠየቅኳት፤ ሙሉ ክንዷን ነው ያሻሸችው፣ በማግስቱም ምንም አልነበራትም። እንደዚያም ሆኖ አሁን ደከመኝ ስትል እናቆማለን።

ከዚያ ከጎንና ከኋላ ቀረጽኳት። ቆማ፣ ጎኗን አዙራ ስትወረውር ግራ እግሯ መስመሩ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ኳሱ ከክርኗ በላይ ነው፣ ያ ጥቁር መስመርም እስከ ጓንቱ ድረስ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ጥሩ ናት! ኳስ አንከባልዬላት ስታነሳ ግን ሌላ ልጅ ናት የምትሆነው። ቀኝ እግሯ ወደ ሆም እንዳየ ይቀራል። ግራ እግሯ ወደ ግራ ርቆ ያርፋል። እዚያች ፍሬም ላይ ሳቆመው የማሊያዋ ጽሑፍ በሙሉ ይነበባል፣ ኳሱ ግን ገና ከኋላ ወገቧ ጋ ነው። ክርኗማ ወርዷል፣ ግን አሁን ከየት እንደመጣ ይታየኛል። እርምጃዋም አጭር ነው፣ ቆማ ስትወረውር ከግማሽ ቁመቷ ያልፋል፣ አንስታ ስትወረውር አያልፍም።

«ማሊያሽን ደብቂያት» ያላችሁት ወዲያው ነው የገባት። ግን ሌላ ነገር መጣ። ለመዞር ስትል ትዘገያለች። «እማዬ፣ እንዲህ ካደረግኩ ሯጯ ትደርሳለች» አለችኝ፣ እውነቷንም ይመስለኛል። ምን ልበላት? አሰልጣኟንስ ሳላስቀይመው እንዴት ልንገረው? አያያዟ ደግሞ በአራት ጣት ነው፣ እሱን ልቀይር?


ግራኟ፦

ልጅሽ ጎበዝ ናት፣ ትክክለኛውን ጥያቄ ነው የጠየቀችው።

አሁን የምትዘገየው ሁለት ነገር ለየብቻ ስለምታደርግ ነው፤ ታነሳለች፣ ከዚያ ትዞራለች። መጨረሻ ላይ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። ኳሱን ከመሬት ወደ ሆዷ ስትስብ በዚያው ጊዜ ቀኝ እግሯ እየተሻገረ ነው፣ ኳሱን ከጓንት ስታወጣ እግሩ መሬት ይዟል። እዚያ ለመድረስ በዝግታ ነው የሚጀመረው። ያለ ሯጭ፣ ያለ ውርወራ፦ የቆመ ኳስ መሬት ላይ አስቀምጪላት፣ ታንሳ፣ ቀኝ እግሯን ታሻግር፣ እዚያው ቀጥ ብላ ትቁም። ቁርጭምጭሚቷ የት እንዳየ ራሷ ዝቅ ብላ ትይ። ሲለምድላት ቀስ ብለሽ አንከባልይላት፣ አሁንም ሳትወረውር ትቁም። ከዚያ ነው ውርወራው የሚጨመረው፣ በአጭር ርቀት። ሯጭ የመጨረሻው ነው። ለጥቂት ጊዜ ጨዋታ ላይ ትዘገያለች፣ ይሁን። አሁን ቸኩላ የምትወረውረው ኳስም ሯጯን እያስወጣ አይደለም።

ደግሞ 26 ሜትር ለ11 ዓመት ልጅ ብዙ ነው። በአየር ላይ ማድረስ አለብኝ ብላ ወደ ሰማይ እንዳትወረውረው። ዝቅ ብሎ በኃይል ሄዶ አንዴ ነጥሮ አንደኛ ቤዝ የሚገባ ኳስ ጥሩ ኳስ ነው፣ ለያዧም ይቀላል፣ ነጥሮ የሚመጣበት ቦታ ከእግሯ ራቅ ያለ ከሆነ። ይሄን ስትነግሪያት ትከሻዋ ራሱ ይላላል።


ሦስተኛ ቤዝ፦

አራት ጣቱን አትንኪው። መስመሩ ቀጥ ብሎ ከሄደ አያያዙ እየሠራ ነው። እጇ ሲያድግ በራሷ ወደ ሦስት ትመጣለች።

አሰልጣኙን በተመለከተ፣ ትንታኔ ይዘሽ አትሂጂ። ልምምድ ከማለቁ በኋላ፣ ሌሎች ወላጆች ሳይኖሩ፣ ሁለቱን ቪዲዮ አሳዪው፤ ቆማ የወረወረችውንና አንስታ የወረወረችውን፣ ሁለቱንም ግራ እግሯ የሚያርፍበት ላይ አቁመሽ። «ኮች፣ እዚህ ጋ ምን ይታይሃል?» በዪውና ዝም በዪ። ብዙ ልጅ የሚይዝ አሰልጣኝ ስሎሞሽን የሚያይበት ጊዜ የለውም፣ ሲያገኝ ደስ ነው የሚለው። እኔ ወላጅ እንዲህ ይዞልኝ ሲመጣ የልጁን ሥራ ግማሽ ያቀለልኝ ያህል ነው የማየው። ቀኝ እግሯን እሱ ራሱ ካየው በሚቀጥለው ልምምድ የሚጮኸው ቃልም ይቀየራል። ካላየው ደግሞ «እኛ ቤት እግሯ ላይ እየሠራን ነው፣ ለጥቂት ጊዜ ክርኗን ብንተወው?» ብለሽ ጠይቂው።